«ቆሻሻ» ያላችሁት ዲኤንኤ የእኛም የቆሮሶ ዓሣም ማብሪያ ማጥፊያ ነው

ለዝግጅት ክፍሉ፣

ሰላም ለእናንተ ይሁን። የምጽፍላችሁ ከሐዋሳ ነው፤ የሁለተኛ ደረጃ የባዮሎጂ መምህር ነኝ። ጋዜጣችሁን አንብቤ አልጥለውም። የሳይንስ ገጹን ቆርጬ ክፍል ይዤው እገባለሁ። ስለዚህ እዚያ ገጽ ላይ የወጣ ስህተት እኔ ክፍል ድረስ ይመጣል፤ ባለፈው ሰሞን የሆነውም ይኸው ነው። ጽሑፋችሁ ከሰው ዲኤንኤ ውስጥ 98 ከመቶው «ምንም ሥራ የሌለው ቆሻሻ» ነው ይላል። በማግስቱ አንዲት የ11ኛ ክፍል ተማሪዬ ወረቀቱን ይዛ መጣችና «ቲቸር፣ ቆሻሻ ከሆነ ታዲያ ለምንድነው የምንሸከመው?» አለችኝ።

ጎበዝ ልጅ ናት። ለእሷ የመለስኩላትን ለእናንተም ልጻፍላችሁ፤ ቦታ ካገኘ አንባቢም ይየው። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

ቁጥሩ ላይ አልተሳሳታችሁም። የሰው ዲኤንኤ ወደ 3 ቢሊዮን ፊደል ነው። ከዚያ ውስጥ ፕሮቲን እንዴት እንደሚሠራ የሚናገረው ክፍል 2 ከመቶ እንኳ አይሞላም። ስህተቱ የመጣው «የቀረው ቆሻሻ ነው» ስትሉ ነው። ፕሮቲን አለመሥራት ሥራ መፍታት አይደለም። ግድግዳችን ላይ ያለው ማብሪያ ማጥፊያ እሱ ራሱ አይበራም፤ አምፖሉ መቼ እንደሚበራ የሚወስነው ግን እሱ ነው። ቆሻሻ ያላችሁት ውስጥ ደግሞ እጅግ ብዙ የጂን (የፕሮቲን መሥሪያው ትእዛዝ ማለት ነው) ማብሪያ ማጥፊያ አለ።

እንስሳን ከእንስሳ የሚለየው በአብዛኛው እዚያ ነው ያለው። አፈር ውስጥ የምትኖር፣ አንድ ሚሊ ሜትር የምታክል፣ ሲ ኤለጋንስ የምትባል ትል አለች። ፕሮቲን የሚሠሩ ጂኖቿ ወደ 20 ሺህ ናቸው። የእኛስ? ወደ 20 ሺህ። በ1975 ሜሪ ክሌር ኪንግ እና አለን ዊልሰን የሰውንና የቺምፓንዚን ፕሮቲኖች አነጻጸሩ። ፕሮቲኖቹ በጣም ተመሳሰሉባቸው። ስለዚህ ትልቁ ልዩነት መምጣት ያለበት ከፕሮቲኖቹ ሳይሆን ጂኖቹ ከሚታዘዙበት መንገድ ነው ብለው ጻፉ። ያኔ ዲኤንኤን እንደ ዛሬው እንደልብ ማንበብ አይቻልም ነበር።

ክፍል ውስጥ ይህን የማስረዳው በራሳችን ቋንቋ ነው። ሰሌዳው ላይ «ዋና» ብዬ እጽፍና አንብቡ እላለሁ። ግማሹ ክፍል አላልቶ ያነበዋል፣ የሐይቅ ልጆች ናቸውና መዋኘቱ ነው የሚታያቸው። ግማሹ አጥብቆ «ዋና ከተማ» እንደሚባለው ያነበዋል። ፊደሉ ያው ነው፣ አንዲት ነጥብ አልተጨመረችበትም። የቆሎ ትምህርት ቤት የንባብ መምህራን ይህን ጠንቅቀው ያውቁታል፤ ተማሪው በግዕዝ ንባብ ድምፁ ተነስቶ የሚነበበውን «ተነሽ» ቃል ድምፁ ወድቆ እንደሚነበበው «ወዳቂ» አድርጎ ካነበበ አንድም ፊደል ሳይስት ተሳስቷል። የዓይን ሴልና የጉበት ሴል የያዙት ዲኤንኤ አንድ ነው። አነባበቡ ነው የሚለየው። ሴሉ ደግሞ በእርግጥም ያጠብቃል፣ ያላላል። አጥብቆ የጠቀለለው ጂን አይነበብም፤ ያላላው ይነበባል።

አሁን ወደ ዓሣው ልውሰዳችሁ።

ሐይቃችን ዳር ያለው የዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል፣ ማለዳ የሄደ ሰው ያውቀዋል። ጀልባዎቹ ሲገቡ፣ አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች ሰልፍ ይዘው ሲጠብቁ፣ ልጆቹ ዓሣውን ሲልጡ። እኔ የምሄደው ለእንቁላል ነው። ሴቷ ቆሮሶ እንቁላሏን አፏ ውስጥ ይዛ ነው የምታሳድገው። አንድ የማውቃቸው ዓሣ አጥማጅ ጋሼ እንደዚህ ያለች ዓሣ መረባቸው ውስጥ ከገባች «መምህር፣ ያንተዋ መጥታለች» ብለው ይጠሩኛል። አፏ ሲከፈት ቢጫ ቢጫ እንቁላል ይፈሳል። በብርጭቆ ውሃ አድርጌ ትምህርት ቤት እወስደዋለሁ፣ ባለችን አንዲት ማይክሮስኮፕ ተራ በተራ እናየዋለን። ዕድሜው ከገፋ ጥቁር የዓይን ነጥብ ይታያል፣ ጭራው ይታያል፣ ልቡ ሲመታ ይታያል። ልጆቹ ይጯጯኻሉ። ያን ፅንስ ከጭንቅላት ወደ ጭራ ቅርጽ የሚያስይዙት ጂኖች እነሱንም በእናታቸው ማህፀን ውስጥ ቅርጽ ካስያዟቸው ጂኖች ጋር የአንድ ቤተሰብ ናቸው። የቆሮሶና የእኛ የጋራ ቅድመ አያት የኖረው ከ400 ሚሊዮን ዓመት በፊት ነው፤ ጂኖቹ ግን እስካሁን ያንኑ ሥራ ይሠራሉ።

ሆክስ ይባላሉ። ኤድዋርድ ሉዊስ የሚባል አሜሪካዊ የፍራፍሬ ዝንብን ለአሥርት ዓመታት ሲያጠና ኖሮ በ1978 አንድ አስገራሚ ነገር ጻፈ፤ የአካልን ክፍሎች የሚያዙት ጂኖች ክሮሞዞሙ ላይ የተደረደሩት አካሉ ራሱ በተደረደረበት ቅደም ተከተል ነው። ከእነዚህ ጂኖች አንዱ ያለቦታው ሲበራ ዝንቡ አንቴና ማውጣት ባለበት ጭንቅላቱ ላይ እግር ያወጣል። በ1984 ስዊዘርላንድ ባዝል እና አሜሪካ ኢንዲያና የነበሩ ተመራማሪዎች ለየብቻቸው እነዚህ ጂኖች ውስጥ 180 ፊደል የሚያህል ተመሳሳይ ቁራጭ አገኙ። ከዚያ እንቁራሪት ላይ ተገኘ፣ አይጥ ላይ ተገኘ፣ ሰው ላይ ተገኘ። ዝንቡ 8 ሆክስ ጂን አለው። እኛ በአራት ክሮሞዞሞች ላይ በአራት ረድፍ የተቀመጡ 39 አሉን፤ አደራደሩ ያው ከላይ ወደ ታች ነው። ሉዊስ በ1995 ከሁለት ሌሎች ሳይንቲስቶች ጋር የኖቤል ሽልማት አገኘ።

በዚያው በ1995 ደግሞ የባዝሉ የዋልተር ገሪንግ ቡድን የአይጥን ፓክስ6 ጂን ወስዶ በዝንብ እጭ ውስጥ ያለቦታው አበራው። ዝንቡ እግሩ ላይ ዓይን አወጣ። ያወጣው የዝንብ ዓይን ነው እንጂ የአይጥ አይደለም። ጂኑ «እዚህ ዓይን ይሠራ» ይላል፤ ምን ዓይነት ዓይን የሚለውን የሚመልሰው ከሥሩ ያለው የዝንቡ የራሱ ሥርዓት ነው። ይህን ስነግራቸው ሁሌም ክፍሉ ጸጥ ይላል።

ግን ከሁሉ በላይ ልነግራችሁ የምፈልገው ስለ ጣት ነው።

ከዓመታት በፊት አንድ ተማሪ ነበረኝ። ሙቀት እንኳ ቢሆን ቀኝ እጁን ከሹራብ ኪሱ አያወጣም። እየቆየ ነው ያወቅኩት፤ አውራ ጣቱ አጠገብ ሌላ ትንሽ አውራ ጣት አለችው። ቤተሰቡ ውስጥ ሌላም ሰው እንዲሁ አለው። ሰፈር ውስጥ ብዙ ተብሏል፣ እርግማን ነው ያለም አለ። እኔ ስለዚያ ልጅ ዲኤንኤ የማውቀው ነገር የለም። ስድስተኛ ጣት ብዙ ምክንያት አለው፣ በትንሿ ጣት በኩል የሚወጣው ደግሞ መነሻው ሌላ ነው። ነገር ግን በአውራ ጣት በኩል ተጨማሪ ጣት የሚወጣባቸው አንዳንድ ቤተሰቦች ሲመረመሩ የተገኘው ነገር ለዚህ ደብዳቤ ዋናው ማስረጃዬ ነው።

ሶኒክ ሄጅሆግ የሚባል ጂን አለ። እጅና እግር ሲበቅል የትኛው ጣት በየት በኩል እንደሚሆን የሚያስተካክለው እሱ ነው። በእነዚያ ቤተሰቦች ጂኑ ራሱ ደህና ነው፣ ምንም አልሆነም። የተበላሸው ማብሪያው ነው። ማብሪያው ያለው ደግሞ ከጂኑ ወደ 1 ሚሊዮን ፊደል ርቆ፣ በሌላ ጂን ሆድ ውስጥ፣ እናንተ «ቆሻሻ» ባላችሁት ክፍል ነው። እዚያ አንዲት ፊደል ስትቀየር ማብሪያው በማይገባው ቦታ ይበራል፣ ትርፍ ጣት ይወጣል። ይህች ማብሪያ ከአይጥ ላይ ስትቆረጥ አይጡ እጅና እግሩ ተቆራርጦ ይወለዳል። የቀረው አካሉ ግን ደህና ነው፤ ምክንያቱም የጠፋው የእጅና የእግር ማብሪያ ብቻ ነው።

ይህችው ማብሪያ ዓሣ ላይም አለች፣ ክንፉን ትሠራበታለች። እባብ ላይም አለች፣ ግን እየተበላሸች ሄዳለች። በ2016 የወጣ አንድ ጥናት የአይጥን ማብሪያ አውጥቶ በቦታዋ የሌሎች እንስሳትን አስገባ። የሰው ገባች፤ አይጡ ደህና እግር አወጣ። ሲላካንት የሚባል ጥንታዊ ዓሣ ማብሪያ ገባች፤ አሁንም አይጡ ደህና እግር አወጣ። የዓሣ ማብሪያ ለአይጥ እግር ሠራች ማለት ነው! የዘንዶ ስትገባ ግን አይጡ እግሩ ጉቶ ሆኖ ቀረ። ከዘንዶዋ ማብሪያ የጎደሉት 17 ፊደላት ተመልሰው ሲገቡላት እግሩ ተመለሰ። አሥራ ሰባት ፊደል። ይህን አንብቦ «ቆሻሻ» የሚለውን ቃል ለመድገም እጅ ይከብዳል።

ያ ልጅ ይህን ትምህርት ከተማረ በኋላ እጁን ከኪሱ አውጥቶ ጓደኞቹን አሳያቸው። እኔ አላዘዝኩትም።

ርቀቱ ነገር ሁሌ ይጠየቃል፤ 1 ሚሊዮን ፊደል ርቃ ያለች ማብሪያ እንዴት ጂኑ ጋር ትደርሳለች? እናቴ ጥጥ ስትፈትል ያየሁት ልቃቂት ነው የሚታወሰኝ። ክሩ ሲዘረጋ ጫፍና ጫፉ በጣም ይራራቃሉ፤ ሲጠቀለል ግን ሩቅ የነበሩት ይነካካሉ። በአንድ ሴል ውስጥ ያለው የሰው ዲኤንኤ ቢዘረጋ ወደ 2 ሜትር ይሆናል፤ ታጥፎ የሚቀመጥበት ኒውክለስ ግን ከአንድ ሚሊ ሜትር መቶኛ ያንሳል። አስተጣጠፉ ዝም ብሎ አይደለም። በ2012 የወጡ ጥናቶች ዲኤንኤው በግቢ በግቢ ተከፋፍሎ እንደሚታጠፍ አሳዩ። አንድ ማብሪያ በብዛት የሚያዘው በራሱ ግቢ ያለውን ጂን ነው፤ በግቢዎቹ ድንበር ላይ ደግሞ ሲቲሲኤፍ የሚባል ፕሮቲን እንደ አጥር ቋሚ ይቆማል። የሰውና የአይጥ ግቢዎች በአብዛኛው በተመሳሳይ ቦታ ነው የታጠሩት። አጥሩ ሲፈርስ ምን ይሆናል? በ2015 በርሊን ያሉ ተመራማሪዎች የጣት አፈጣጠር ችግር ያለባቸውን ቤተሰቦች መርምረው ማብሪያው ወደ ጎረቤት ግቢ ተሻግሮ የማይመለከተውን ጂን ሲያበራ አገኙት። ያለቦታው የበራው ጂን ደህና ነው፣ ማብሪያውም ደህና ነው። የፈረሰው አጥሩ ነው።

ክሮሞዞሞቹ እንኳ እንዲህ ትዝታ አላቸው። በ2022 የወጣ ጥናት ከስፖንጅና ከጄሊፊሽ ጀምሮ እስከ እኛ የአከርካሪ ባለቤቶች ዘመዶች ድረስ ያሉ እንስሳትን አነጻጽሮ፣ 29 ጥንታዊ የጂን ስብስቦች ለመቶ ሚሊዮኖች ዓመታት አብረው ሲጓዙ ማየቱን ገልጿል።

አንድ ነገር ግን ልጨምር፣ ወደ ሌላው ጫፍ እንዳልወስዳችሁ። በ2012 አንድ ትልቅ ዓለም አቀፍ ፕሮጀክት 80 ከመቶው ዲኤንኤ ሥራ አለው ብሎ ነበር፣ ብዙ ሳይንቲስቶችም አጥብቀው ተቃወሙት። ልክ ነበሩ ብዬ አስባለሁ። አንድ የዲኤንኤ ክፍል በሴል ውስጥ በሌላ ነገር መነካቱ ብቻ ጠቃሚ አያደርገውም። ጥሩው መለኪያ ጊዜ ነው፤ በብዙ እንስሳት ላይ ለሚሊዮን ዓመታት ሳይቀየር የቆየ ክፍል፣ ሲቀየር እንስሳውን የሚጎዳ ስለሆነ ነው የቆየው። በ2023 የ240 አጥቢ እንስሳትን ዲኤንኤ ያነጻጸረው የዙኖሚያ ጥናት ከሰው ዲኤንኤ ቢያንስ 10.7 ከመቶው እንዲህ ተጠብቆ የቆየ ነው ብሏል። 10.7 ከ98 ያንሳል፣ አዎ። ግን ፕሮቲን ከሚሠራው ከ2 ከመቶ በታች ከሆነው ክፍል ጋር ስታስተያዩት ስንት እጥፍ ነው? ከሱ ቀደም ብሎም በ2004 በሰው፣ በአይጥና በአይጠ መጎጥ መካከል አንድ ፊደል እንኳ ሳይለያዩ፣ ከ200 ፊደል በላይ የሚረዝሙ 481 ቁራጮች ተገኝተው ነበር። ብዙዎቹ ፕሮቲን አይሠሩም። በ2007 አራቱ ከአይጥ ላይ ተቆርጠው አይጦቹ በሕይወት ኖሩ፣ ወለዱም፤ «ያው ቆሻሻ ነው» የሚል ወሬ ያኔም ተነሳ። በ2018 ሌሎች ተቆርጠው አንጎል በጥንቃቄ ሲታይ ግን ጉድለት ተገኘ። በላብራቶሪ ቤት ውስጥ ተመችቶት የሚኖር አይጥ ብዙ ነገር ሊሸፍን ይችላል።

ይህ ሁሉ የፈረንጅ ላብራቶሪ ወሬ እንዳይመስላችሁ። ወተትን ውሰዱ። ሕፃን ሁሉ ወተት ይፈጫል። ጡት ከጣለ በኋላ በብዙ ሰው ላይ የወተቱን ስኳር የሚፈጨው የላክቴዝ ጂን ይጠፋል፣ ሆድ መንፋትና መጮኽ ይመጣል። በሌላው ግን ጂኑ እስከ እርጅና እንደበራ ይቀራል። ልዩነቱ ጂኑ ላይ አይደለም። ከጂኑ ወደ 14 ሺህ ፊደል ርቃ፣ አሁንም በሌላ ጂን ሆድ ውስጥ ባለች ማብሪያ ላይ ነው። በአውሮፓ ይህን የሚያደርገው በዋናነት አንድ የፊደል ለውጥ ነው። በ2013 በእኛው አገር ሰዎች ላይ የወጣ ጥናት ግን እዚያችው ጠባብ ቦታ ላይ የተለያዩ ለውጦች ጎን ለጎን እንዳሉ አሳየ። ከከብት ጋር ለሺህ ዓመታት የኖረ ሕዝብ፣ በተለያየ መንገድ፣ አንዲቷን ማብሪያ ብቻ ደጋግሞ አስተካክሏል። ይህን የመሰለ ታሪክ እዚሁ አገራችን አለ።

ወባንም እዚህ ከተማ ማን አያውቀውም። ቫይቫክስ የሚባለው የወባ ዓይነት ቀይ የደም ሴል ውስጥ ለመግባት በዋናነት ዳፊ የሚባል ፕሮቲን እንደ በር ይጠቀማል። ብዙ አፍሪካውያን ይህ በር ቀይ የደም ሴላቸው ላይ የለም። የዳፊ ጂናቸው አልጎደለም፤ ማብሪያው ላይ አንዲት ፊደል ተቀይራ ጂኑ በቀይ የደም ሴል ላይ ብቻ ጠፍቶ ነው፣ ሌላ ቦታ ይሠራል። በእኛ አገር በሩ ያለውም የሌለውም ሰው አብሮ ይኖራል፤ በሩ በሌላቸው ሰዎች ላይም ቫይቫክስ መገኘቱ ነገሩን ለተመራማሪዎች ይበልጥ ከባድ አድርጎታል።

ሕክምናውም ጀምሯል። በ2023 መጨረሻ እንግሊዝና አሜሪካ ለሲክል ሴል የደም በሽታ የፈቀዱት ካስጄቪ የሚባል ሕክምና የታመመውን ጂን አይነካም። የፅንሱን ሄሞግሎቢን የሚያጠፋው፣ ቢሲኤል11ኤ የሚባል ጂን ቀይ የደም ሴል ላይ የሚበራበትን ማብሪያ ነው የሚቆርጠው፤ ከዚያ ሰውነት በፅንስነቱ ይሠራው የነበረውን ሄሞግሎቢን እንደገና መሥራት ይጀምራል። ጂኑን ራሱን ቢቆርጡ ሌላ ቦታ ይጎዳ ነበር። ሐኪሞቹ ማብሪያዋን መርጠው የቆረጡት እንደ እናንተ ጽሑፍ «ሥራ የለውም» በተባለው ክፍል ውስጥ ነው።

ይህን ትምህርት ስጀምር ሁሌ አንድ ልጅ እጁን ያወጣና «ቲቸር፣ ከዝንጀሮ መጣን እያሉን ነው?» ይለኛል። እኔም እሁድ እሁድ ቤተ ክርስቲያን የምሄድ ሰው ነኝ፣ ጥያቄውን አልንቀውም። ከዛሬዋ ዝንጀሮ አልመጣንም፣ የጋራ ቅድመ አያት አለን ነው የሚባለው፤ ማስረጃውንም ራሳችሁ እዩት እላቸዋለሁ። የሰውን፣ የአይጥንና የዓሣን ፊደላት በሦስት መስመር ጽፌ እሰጣቸውና የሚመሳሰሉትን በእርሳስ እንዲያከብቡ አደርጋለሁ። ልጆቹ ቁጭ ብለው ያከብባሉ። ከዚያ በኋላ የሚነሱት ጥያቄዎች ከእኔ መልስ ይበልጣሉ።

የምለምናችሁ ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ እርማቱን ጽሑፉ በወጣበት በዚያው ገጽ ላይ አውጡልን፣ ትንሽ ቢሆንም ልጆቹ እንዲያዩት። ሁለተኛ፣ «የዚህ በሽታ ጂን ተገኘ» የሚል ዜና ስታወጡ ጂኑ ነው ወይስ ማብሪያው ብላችሁ አንድ ጊዜ ጠይቁ። ብዙ ጊዜ ማብሪያው ነው።

ዘጋቢያችሁ ወደ ሐዋሳ ብቅ ካለ ደግሞ ይደውልልኝ፣ ስልኬ ከፖስታው ላይ አለ። ከንጋቱ 12 ሰዓት ተኩል አሞራ ገደል እንገናኝ። ጋሼ አፏ የሞላ ቆሮሶ ከያዙ በብርጭቆ ይዘን ትምህርት ቤት እንሄዳለን፤ ማይክሮስኮፗን ያቺ የ11ኛ ክፍሏ ልጅ ታስተካክልለታለች።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የባዮሎጂ መምህር
ሐዋሳ